ዘይነባ ያልገባችበት የጭቃ ቤት

አንድ በደል እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ሞጣ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ መስጊዱ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ልጆች ሆነን በሠራነው የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ ዘይነባ የምትባል ልጅ «አትገቢም» ተብላ ተመልሳለች። ጭቃውን የረገጠችው እሷ ነበረች። ከማናችንም በፊት ጀምራ፣ ከማናችንም በኋላ ነው እግሯን የታጠበችው። በእኛ መንደር ደግሞ ጭቃ ረጋጩ ሳይገባ ማንም አዲስ ቤት አይገባም፤ ይህን ትልቁም ትንሹም ያውቃል። የከለከላትን ልጅ «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አልመለሰልኝም። «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ተይው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ የወለድኋቸውም ይሉኛል። እኔ ግን በደል በበዳዩ ቁመት አይለካም ባይ ነኝ።

ነገሩ ድንገት የተመለሰብኝ እዚህ ቢቸና ነው። የልጄን ልጅ ብሥራትን ጧት ጧት ኦ ክፍል የማደርሳት እኔ ነኝ። እናቷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ ጊዜ የላትም፤ እኔ ደግሞ ከጊዜ በቀር ምንም የለኝም። አንድ ጧት የግቢው በር ላይ ስንደርስ አንድ ሽታ መጥቶ ያዘኝ። ጭድ ገብቶበት የሰነበተ ጭቃ ሽታ ነው፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ከሊጥም ከበረትም የተዋሰ። የማያውቀው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስጨፍነው ሞጣ ነበርሁ፤ ጭቃው በእግሬ ጣቶች መሐል ሲሾልክ ተሰማኝ፤ ከጎኔ የሆነች ልጅ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር።

«እማማ፣ ቆመሽ ተኛሽ እንዴ?» አለችኝ ብሥራት።

«አልተኛሁም። ግቢ።»

መምህርቷ ትዕግሥት ትባላለች፤ ከአርባ ምንጭ በኩል ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኛ ለስለስ ይላል። ከክፍሏ አንዱን ጥግ «የግንባታ ጥግ» ብላ ጽፋበታለች። ከአናጢ ቤት ለምና ያመጣችው የእንጨት ቁራጭ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የጫማ ካርቶን፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ በክር ጫፍ የታሰረ ድንጋይ እዚያ ተደርድሯል። ድንጋዩ ቱምቢ መሆኑ ነው፤ ግድግዳው መጣመም አለመጣመሙን ልጆቹ በእሱ ያያሉ። ያረጁ የፕላስቲክ ኳሶችን ለሁለት ቆርጣ ራሳቸው ላይ ደፍታላቸዋለች፤ የግንበኛ ቆብ ነው። በቁራጮቹ መቁጠር ይማራሉ፣ ረጅሙን ካጭሩ ይለያሉ፤ ካርቶን ዘርግተው «ይሄ የዓባይ ድልድይ ነው» ይላሉ፣ አሸዋ የጫነ የጣሳ መኪና ጡሩምባ እየነፉ ወደ ደጀን ያሻግራሉ። እኔ በልጅነቴ ቁጥር የተማርሁት በአለንጋ ነበር። ቆሜ ሳያቸው ቅናትም ደስታም አንድ ላይ መጣብኝ። ውጭ ግቢው ውስጥ ደግሞ የእውነቱን ጀምረዋል፤ ልጆች ጎንበስ ብለው የሚገቡበት የጭቃ ቤት። ሽታው ከዚያ ነው የመጣው።

ዝም ብዬ ልመለስ ነበር። ግን ሳይ ቆቡ ሁሉ ያለው ወንዶቹ ራስ ላይ ነው፤ ሴቶቹ በጣሳ ውሃ ያመላልሳሉ።

«መምህርት፣» አልኋት፣ «እነዚህ ሴቶች ቆብ ያላገኙት ሹሩባቸው እንዳይበላሽ ነው?»

«ኧረ እማማ! ወንዶቹ ቀድመው ወስደውት ነው።»

«ቀድሞማ ሌባም ይወስዳል።»

ሳቀች። አልተቀየመችም፤ ደግ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ ቆቡም ጣሳውም በተራ ሆነ። አንድ ጉንጨ ሙሉ ልጅ አለቀሰብኝ፣ ያልቅስ። ብሥራት ደግሞ ተራዋ ሲደርስ ቆቡን ይዤ ካልተኛሁ ብላ መምህርቷን አስቸገረች። ትዕግሥት ያን ቀን ልትሸኘኝ ወጥታ እጄን ያዘችና፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ ነገሩን ያውቁታል። ጭቃ አረጋገጡን ለልጆቹ ያሳዩልን» አለችኝ። «ለምሰሶው አንድ አናጢ አባት አግኝቻለሁ፤ ልጃቸው ጋ ለመኖር የመጡ ናቸው።» እሺ አልሁ። አናጢው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ልቤ ሞጣ ነበር።

ያን ጊዜ ሞጣ ከተማዋ ትንሽ፣ ቀኑ ግን ረጅም ነበር። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ ማን ሹም እንደነበር ሳይሆን ስሙኒ ምን ይገዛ እንደነበር ነው የማስታውሰው። ስሙኒ ይዞ የወጣ ልጅ ከረሜላውንም የተቆላ ሽምብራውንም ገዝቶ መልስ ይዞ ይመለሳል። የዘይነባ አባት ሱቅ ወደ መስጊዱ ሲወርዱ በስተቀኝ ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ ሰማያዊ የእንጨት በር፤ ገባ ሲሉ የአዲስ አቡጀዴና የቅርንፉድ ሽታ። ሰውየው ጣቃውን በክንዱ ለክቶ፣ ጫፉን በመቀስ ነካ አድርጎ፣ ከዚያ በሁለት እጁ ጨርቁን «ጭርርር» አድርጎ ይቀድደዋል። እስከ ዛሬ ጨርቅ ሲቀደድ ስሰማ ዞር እላለሁ። ዘይነባ ከዚያ ሱቅ ከተረፈ አበባማ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ነበራት፤ እኔ እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ፣ እጅጌው ያጠረብኝ ጥብቆ። ከመንደሩ ልጆች የኮንጎ ጫማ የነበራት እሷ ብቻ ናት፤ እሱንም ወደ እኛ ስትመጣ አውልቃ በእጇ ትይዘዋለች። «ለምን አታደርጊውም?» ስላት፣ «እናንተ ሳታደርጉ ያስጠላል» ትለኛለች። አሁን ያ መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ ባጃጅ ይርመሰመስበታል። ሞጣ በሄድሁ ቁጥር እግሬ ራሱ ወደ አሮጌው ጥግ ይወስደኛል፤ እዚያ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ጎረምሳ «እማማ፣ ማንን ፈለጉ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

በዚያ ጥግ አንድ ጎረቤታችን ቤት ያሠራ ነበር። ቤት መሥራት ያን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ መንደሩ በደቦ ይወጣል። ወንዶቹ ቋሚ ይተክላሉ፣ ማገር ይማግራሉ፤ ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ጭድ እየተነሰነሰበት ይሰነብታል፣ የሚረግጠው ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰምጥበታል። ከሥራው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው፤ ስም የማያወጣውም እሱ ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ «ወይ ጣራ! ወይ በር!» ይባላል እንጂ «ወይ አረጋገጥ!» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለዚህ ይመስለኛል ትልልቆቹ ያንን ሕግ ያቆሙት። ቤቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚገባው ጭቃ ረጋጩ ነው። ሎሌም ይሁን እንግዳም ይሁን፣ መሐል ቤቱ ላይ ቆሞ «የሞቀ ቤት ይሁን» ሳይል ባለቤቱ እንኳ እግሩን አያነሣም።

የተረፈውን ጭቃ ለእኛ ለልጆቹ ተዉልን፤ እኛም ከአጥሩ ሥር የራሳችንን ቤት ጀመርን። አለቃችን ይኄይስ ነበር፣ የአናጢ ልጅ። የካኪ ቁምጣው ኪስ ውስጥ አባቱ የጣላቸው ጎባጣ ምስማሮች ይንሿሿሉ፤ ጆሮው ላይ ጫፍ የሌለው እርሳስ ይሰካል። «አያ አናጢ» እያልን ስንጠራው ትከሻው ከፍ ይላል። ምሰሶውን ብቻውን ተከለ፤ «ሴት እንዳይነካው፣ ሕፃን እንዳይነካው» ብሎ ሁላችንንም አባረረን። ጣራውን በጭራሮና በሳር ሠራ። ማገሩን እኛ ወጠርን። ጭቃው ግን የዘይነባ ነበር። አበባማ ቀሚሷን ሰብስባ ትሸጉጥና ትገባበታለች፤ እንዳትንሸራተት እኔ እጇን እይዛለሁ፤ እየዘፈንን እንዞራለን፦

«እርገጪው እርገጪው ይቡካ ጭቃው፣
ቤት አይቆምምና በምሰሶ ብቻው።»

ዜማውን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አንዳችን ነን። ፀሐይዋ እርጥቡ ጭቃ ላይ ትወድቅና ጉድጓዱ ራሱ የሚያበራ ይመስላል። አዛን ሲሰማ ዘይነባ ቆም ትላለች፣ እኛም አብረናት ቆም እንላለን፤ ከዚያ እንደገና እንዞራለን። አንዳንዴ ያ መዞር መቼ እንዳቆመ ይጠፋኛል። የቆመ አይመስለኝም።

ቤቱ ደረቀ። የተሰነጠቀውን እኔና ዘይነባ በእበት ለሰንነው። የምንገባበት ቀን ተሰልፈን ቆምን፣ ዘይነባ ከፊት። ፀጉሯን ውሃ ነክራ አስተካክላዋለች። ይኄይስ በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን ዘረጋ።

«ዘይነባ አትገባም።»

ቀልድ መስሎን ሳቅን።

«አትገባም አልሁ!»

«ለምን?» አልሁት እኔ።

አፉ ይከፈትና ይዘጋል። ከኋላችን አንድ ልጅ፣ ማን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም፣ «እስላም ስለሆነች ነዋ!» አለ። ይኄይስ አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ። አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ።

ዘይነባ አላለቀሰችም። ጫማዋን አነሣች፣ አደረገችው፣ ሄደች። እኔ ግን በሩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥሁ። «እሷ ካልገባች ማንም አይገባም» አልሁ። አንዱ ፀጉሬን ቢጎትተኝ እጁን ነከስሁት፤ ይኄይስ ሊያስነሣኝ ቢመጣ እሱንም ነከስሁት። ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እናቴ እየጮኸች እስክትወስደኝ ድረስ እዚያው ነበርሁ። በማግሥቱ ጎረቤታችን ቦታውን ለአጥር ፈልጎ ቤታችንን በአካፋ ናደው፤ እንዲያው ሰው ሳይገባበት ቀረ።

ልጅነት ይህን ይረሳል ይላሉ። ዘይነባ ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ስትሄድ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ «ግቢ» ቢሏት አትገባም፤ ደግመው ደጋግመው ማለት አለባቸው። እኔ ተድሬ ወደ ቢቸና የመጣሁ ዕለት ሊሸኘኝ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት እሷ ውጭ ቆማ አገኘኋት፤ እጇን ይዤ አስገባኋት፣ ልክ ጭቃው ውስጥ እንደምይዛት። አሁንም ሞጣ ናት፤ ባሏ ሞቶ፣ ክርና ቁልፍ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ልጆቿ «እናታችን ጨዋ ናት፣ ሰው ቤት ዘው አትልም» ይላሉ። ጨዋስ ጨዋ ናት። ግን ከዚያ ቀን በፊት እየሮጠች ነበር የምትገባ።

ትዕግሥት ያለችው አናጢ መጣ። ጎብጧል፣ ከዘራ ይዟል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ አለ።

«ይኄይስ?» አልሁት።

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «ማን ናት… አንቺ ነካሿ!»

«ጥርስ አሁንም አለኝ። ዘይነባን ለምን ከለከልሃት?»

«ኧረ በጌታ! መጀመሪያ ደኅና ነሽ ወይ ይባላል!»

«ደኅና ነኝ። ለምን ከለከልሃት?»

«የልጅ ነገር፣ ማን ያስታውሰዋል። ረሳሁት እኮ።»

«ስሜን ረስተህ ንክሻዬን ያስታወስህ ሰው፣ ይህንንም ታስታውሳለህ።»

ትዕግሥት መሐላችን ገብታ «እማማ፣ አባባ፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው» አለች። እሱም አምልጦኝ ወደ ምሰሶው ሄደ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ልጆቹ ጮኹ፤ አንድ ባንድ ገቡልኝ፣ ቀሚሴን ይዘው ዞሩ። ዘፈኑን አስተማርኋቸው። እሱ ወዲያ ጉድጓዱን ሲቆፍር ዘፈኑን ሲሰማ ዶማውን አቁሞ አዳመጠ፤ አየሁት። ሌላ ቀንም ጠየቅሁት፤ «ጉልበቴን አሞኛል» አለኝ። ሌላ ቀንም፤ «ጆሮዬ አይሰማም» አለኝ። ጉድጓዱን ግን ለዚያች ጎጆ ከሚያስፈልገው በላይ ጥልቅ አድርጎ ቆፈረ፤ ትዕግሥት «አባባ፣ የውሃ ጉድጓድ ነው እንዴ?» እስክትለው ድረስ።

የልጆቹ ቤት ደረቀ፤ የሚገቡበት ቀን ሆነ። ሕጉን ነግሬአቸዋለሁ፣ ጭቃ የረገጠ ሁሉ ተሰልፏል። ይኄይስ በሩ ላይ ሄዶ ክንዱን ዘረጋ። «ቆዩ! አትገቡም!» ደሜ ፈላ። ልናገር ስል እሱ ራሱ ተንበርክኮ እየዳኸ ገባ። ምሰሶውን በሁለት ክንዱ አቅፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ነቀነቀው። አቧራና ጭድ ራሱ ላይ ረገፈ። ወጣ፣ ቋሚዎቹን ዞሮ ነቀነቀ፣ እንደገና ገብቶ ምሰሶውን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ለምን ትነቀንቀዋለህ?» አለችው ብሥራት።

«የተከልሁት እኔ ነኛ። የተከለ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይግባ።» ከዚያ ተነሥቶ ከበሩ ዘወር አለ። «በሉ አሁን ግቡ።»

ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ፤ «የሞቀ ቤት ይሁን!» እያሉ ግድግዳውን አናጉት። ሁሉም ሳቀ። እሱ ራሱ ላይ የረገፈውን ጭድ ያራግፍ ነበር። አጠገቡ ሄድሁ።

«እንዲህ መነቅነቅ የጀመርኸው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከዚያ ቀን ወዲህ። በሠራሁት ቤት ሁሉ፤ ደብረ ኤልያስም ይሁን ግንደወይን። ሰዎቹ እብድ ይሉኛል።» ቀና ብሎ አየኝ፣ ሊነግረኝ ነው።

«ተው፣» አልሁት። «ለእኔ አትንገረኝ። እኔ አትገቢም አልተባልሁም። ለእሷ ትነግራታለህ።»

«ሞጣ ድረስ? በዚህ እግሬ?»

«ያን ምሰሶ ስታናውጥ አይቼሃለሁ።»

በሚኒባስ ሄድን። ጉሙ መስኮቱን አልብሶት ነበር፤ አልፎ አልፎ ሲገለጥ የጤፍ ማሳ ይታያል፣ ባሕር ዛፍ ይታያል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። ሾፌሩ አሮጌ ዘፈን ከፍቷል። ይኄይስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ተኝቶ ይሁን የተኛ ለመምሰል አላውቅም። ወደ ሞጣ እየሄድሁ ይሁን ከሞጣ እየተመለስሁ፣ አሮጊት ልሁን ያቺ ጥብቆ የለበሰች ልጅ፣ ለትንሽ ጊዜ ጠፋብኝ። ደስ የሚል መጥፋት ነበር።

ዘይነባ ሱቋ ውስጥ ክር ስታጠነጥን አገኘናት። ስታየኝ ብድግ አለች። «ውይ! ግቡ፣ ግቡ!» እኔ ገባሁ። እሱ ደጃፉ ላይ ቀረ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ይኄይስ ነኝ። አልገባም፣ ዘይነባ። መጀመሪያ ልናገር።»

ክሩን አስቀመጠችው። «ተናገር።»

«ያ ቤት ይወድቅ ነበር። መሬቱ ከሥሩ ድንጋይ ነው፤ ጉድጓዱ አልወርድ ቢለኝ ምሰሶውን በጭቃ አጣብቄ አቆምሁት። ለዚያ ነው ሁላችሁንም ያባረርሁት። በዚያ ቀን ጧት ሄጄ ስነካው ተወዛወዘ። መጀመሪያ የምትገቢው ደግሞ አንቺ ነሽ። ላይሽ ላይ ቢናድስ?»

«ታዲያ ይናዳል አትልም?» አልሁት እኔ፣ መታገሥ አቅቶኝ።

«አያ አናጢ እያላችሁኝ?»

«ሌሎቹንስ ምን ልትላቸው ነበር?»

«ለእያንዳንዱ ሰበብ ልፈልግ ነበር። አንቺ በሩ ላይ ተቀመጥሽና ገላገልሽኝ። እየነከስሽኝ አመሰግንሽ ነበር።»

ዘይነባ ሳቀች፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቷ ሳቁ የነበረበት አልመሰለም።

«ስለ ምሰሶውስ ይሁን፣» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ነበርህ። ግን ከኋላ ያ ልጅ እስላም ስለሆነች ነው ሲል ሰምተሃል። እኔ ሰምቻለሁ፣ አንተም ሰምተሃል። አይደለም ለማለት አንድ ቃል ይበቃህ ነበር። ለምን ዝም አልህ?»

እኔ ዕድሜ ልኬን «ለምን ከለከልሃት?» ስል ኖሬአለሁ። የእሷ ጥያቄ ይህ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ይኄይስ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«ምክንያት ጠፍቶኝ ነበር፤ ያ ልጅ አምጥቶ ሰጠኝ። ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ግን የይኄይስ ቤት ይወድቃል ከሚባል፣ አንቺ በሃይማኖቷ ተመለሰች ብትባዪ ይሻለኛል አልሁ። ይኸው ነው፣ ዘይነባ። ሌላ ምክንያት አልነበረም።»